ውሃው እንቡጥ እንቡጥ ሲል

ማስታወሻው ሁለት መስመር ነበር። ኦገስታ ዊንስሎ ሁለቱን መስመር አርባ ጊዜ ሳታነባቸው አልቀረችም።

«ውሃው እንቡጥ እንቡጥ ብሏል። ባልዲዎቹን አውርጃለሁ። ሃይረም።»

በቃ። «ውዴ» የለ፣ «ናፈቅሽኝ» የለ፣ «ደብዳቤሽ ደረሰኝ» እንኳ የለ። እሷ የላከችለት እኮ ስድስት ገጽ ነው! በስድስት ገጽ ልቧን ዘርግፋ፣ ካሊፎርኒያ ያለ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ለግጥም መምህርነት እንደጠራት፣ እስከ ቅዳሜ መልሷን እንደሚጠብቅ፣ አባቷ በደስታ እንቅልፍ እንዳጡ ነግራው፣ መጨረሻው ላይ «ቅሪ በለኝና እቀራለሁ» ብላ ነበር። አንዲት ቃል ነው የለመነችው። መልሱ ስለ ውሃና ስለ ባልዲ ሆኖ መጣ። ኦገስታ የቤቷ ደረጃ ላይ ቁጭ አለች።

እሷን የመሰለች የግጥም ሰው በቨርሞንት ተራሮች ሁሉ አልነበረችም። የቦስተን ልጅ ናት። አባቷ ዶክተር ዊንስሎ እዚህ ተራሮች መካከል ያለው የሴቶች ኮሌጅ ፕሬዚዳንት ናቸው፤ እሷ ደግሞ እዚያው የአሜሪካን ግጥም ታስተምራለች። ሙያዋ ሰሙን ልጦ ወርቁን ማውጣት ነው። ገጣሚ ወንዝ ሲል ወንዙ ዕድሜ ነው፣ አመዳይ ሲል እርጅና ነው፣ ወፍ ሲል ነፍስ ነው። «ገጣሚ ስለ ዛፍ ሲያወራ ስለ ዛፍ አያወራም» የምትል አባባል ነበረቻት፤ ተማሪዎቿ በየደብተራቸው ጀርባ ጽፈዋታል።

ለመንደሩ ሰውም ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በቤተ መጻሕፍቱ አዳራሽ ትምህርት ከፈተች። ሃይረም ተትልን ያገኘችው እዚያ ነው። ከጦርነቱ በሰላም ተመልሶ ያባቱን የሜፕል ዛፎች የተረከበ፣ የዛፎቹን ጣፋጭ ውሃ ወለላ እስኪሆን እያፈላ የሚሸጥ የኮረብታ ሰው ነው። በመጀመሪያው ቀን፣ ግጥሙ ውስጥ በበረዶው ላይ ያለፈችው ቀበሮ ሞትን እንደምትወክል ኦገስታ ግማሽ ሰዓት ስታብራራ ቆይታ «ጥያቄ ያለው?» ስትል፣ ከኋላ እጁን አወጣ።

«ሚስ ዊንስሎ፣ ቀበሮዋ ዶሮ ፈልጋ ቢሆንስ?»

አዳራሹ በሳቅ አውካካ። ኦገስታ ልትቆጣ ቀና አለች፤ ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ፤ ቁጣው የት እንደገባ እስከ ዛሬ አታውቅም። አይ ፍቅር! ዶሮ ፈልጎ ይግባ ሌላ ፈልጎ፣ ከገባ ገባ ነው።

ዓመት አለፈ። አብረው ጫካ ለጫካ ሄዱ፣ ደብዳቤ ተጻጻፉ፣ «እርስዎ» ቀርቶ «አንተና አንቺ» ሆነ። አንድ ነገር ብቻ አልሆነም። የሃይረም ስም በዊንስሎ ቤት ገበታ ላይ ተነስቶ አያውቅም።

«ካባትሽ መቼ ነው የምታስተዋውቂኝ?» ይላታል።

«ጊዜው ሲደርስ።»

ሃይረም ዝም ይላል። ዝም ሲል የተስማማ ይመስላት ነበር።

በመጋቢት ዛፎቹ ውሃ መስጠት ጀመሩ። የሜፕል ውሃ ከግንዱ ጠብ ጠብ እያለ ወደ ባልዲ ይወርዳል፤ የወረደው ቶሎ ካልተፈላ ይበላሻል። ስለዚህ ሃይረም ስድስት ሳምንት ሙሉ ከማፍያ ቤቱ ንቅንቅ አላለም። ይህን ኦገስታ ታውቃለች። «እንቡጥ እንቡጥ ብሏል» የሚለው ግን ምን እንደሆነ አታውቅምና፣ ዓርብ ዕለት ኮቷን ደርባ የመንደሩን ባለሱቅ ልትጠይቅ ሄደች።

«ተበላሸ ማለት ነዋ!» አላት ባለሱቁ፣ ምስማር እየመዘነ። «ዛፉ እንቡጥ ሊያወጣ ሲል ውሃው ጣዕሙ ይለወጣል፣ ይሸታል። ከዚያ ወዲያ ይደፋል እንጂ አይፈላም። አለቀ፣ የዘንድሮው አበቃ።»

ኦገስታ አመስግና ወጣች። ፊቷ እንደ ኖራ ነጥቶ ነበር። ምናለ አንዲት ጥያቄ ብትጨምር? ግን ደንግጣለች፤ የደነገጠ ሰው ደግሞ የፈራውን ከሰማ በኋላ ሌላ አይሰማም። ተበላሸ። ይደፋል። አለቀ። ገጣሚ ስለ ዛፍ ሲያወራ ስለ ዛፍ አያወራም!

ቅዳሜ ጠዋት ቴሌግራም ቤቱ እንደተከፈተ ገብታ ወደ ካሊፎርኒያ «ተቀብያለሁ፣ በነሐሴ እመጣለሁ» የሚል መልእክት ላከች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለው ለእንዲህ ያለው ነው፤ እሷ ግን ያን ጠዋት የፈሰሰውን ገና አላየችም። እንባ እንኳ አልመጣላትም።

ከሰዓት በኋላ የዓመቱ መዝጊያ ትምህርት ነበር። አዳራሹ ሞላ። የኮረብታው ሴቶች ባርኔጣቸውን አድርገው በሁለተኛው ረድፍ ተደርድረዋል፤ መካከላቸው ከሰባ ዓመት ያለፉት ሚስስ ፐርሲስ ኮልበርን ሹራባቸውን እየሠሩ ተቀምጠዋል። ፊት ለፊት ደግሞ ዶክተር ዊንስሎ ራሳቸው፣ ሁለት የኮሌጁን ቦርድ አባላት አስከትለው። ልጃቸው ካሊፎርኒያ ልትሄድ ነውና ደረታቸው ተነፍቷል።

ኦገስታ መጽሐፏን ገለጠች። የምትተነትነው ግጥም ተመርጦ ምልክት ተደርጎበት ነበር። ምልክት ያደረገችበት ወረቀት ግን ምን ይሁን? የሃይረም ማስታወሻ። ዓይኗ እሱ ላይ ወደቀና ከዚያ አልነሳም አለ።

«ዛሬ» አለች፣ «ስሙ ካልታወቀ ሰው የተገኘ አጭር ጽሑፍ እናያለን።» አነበበችውም።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ማንበቧን እንኳ የሰማችው ካነበበች በኋላ ነው። አሁን መመለስ የለም።

«ዛፉ ሴቲቱ ናት» ብላ ቀጠለች። «ውሃው ፍቅሯ ነው። ባልዲዎቹ ሊቀበሉ ተንጠልጥለው ከረሙ፤ ጠብ ጠብ እያለች ሞላቻቸው። አሁን ሰውየው ጣዕሙ ተለወጠብኝ ይላል። ልብ በሉ፣ 'ጠላሁሽ' አይልም። ድፍረቱ የለውም! ባልዲውን ሰብስቦ ይሄዳል። ይህን የጻፈ ሰው ፈሪ ነው። ከፈሪነቱም በላይ ስስታም ነው፣ አንዲት የመሰናበቻ ቃል ማውጣት የከበደው ስስታም!»

አንደኛው የቦርድ አባል ወደ ዶክተር ዊንስሎ ጠጋ ብለው «ግሩም ነች!» አሉ።

ሁለተኛው ረድፍ ላይ ግን ጉድ ነበር። ሴቶቹ እርስ በርስ ይተያያሉ። አንዷ አፏን በጓንቷ ሸፍናለች። ሚስስ ኮልበርን ሹራቡን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ።

«የኔ ልጅ፣ ይሄ ነገር ለማን ነው የተጻፈው?»

«ለ... ለማትታወቅ ሴት።»

«ታዲያ ፈልገሽ ንገሪያት እንጂ! ፀጉሯን ትታጠብ! ሰውየው ሊጠይቃት እየመጣ ነው!»

ሴቶቹ ከዚህ በላይ መቻል አቃታቸው፤ ሳቁ ከጣሪያ ጋር ተላተመ።

«ሊጠይቃት?» አለች ኦገስታ።

«እንድታገባው ነዋ! ምን ሊጠይቃት ኖሯል፣ መዶሻ?» አሮጊቷ እንባቸውን ጠረጉ። «የኔ ኦሪን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከሃምሳ ዓመት በፊት ይህንኑ ነው የላከልኝ፤ ያውም በፍልጥ እንጨት ላይ ጽፎ። ወንዱ ስድስት ሳምንት ማፍያውን ጥሎ አይሄድም። ከሄደ ይነድበታል። አይታጠብም፣ አይላጭም፣ አይተኛም፣ ሴት ፊት የሚቀርብ ፍጡር አይደለም። ውሃው እንቡጥ እንቡጥ ካለ በኋላ ነው የሚፈታው። የዚያን ጊዜ ባልዲውን ያወርዳል፣ ይላጫል፣ ቅዳሜ ቤትሽ ከች ይላል። 'ባልዲ አወረድኩ' ያለ ወንድ 'መጣሁልሽ' ማለቱ ነው። ከዚህ ኮረብታ ሌላ የጋብቻ ጥያቄ ወጥቶ አያውቅም!»

ኦገስታ የጠረጴዛውን ጠርዝ ጨበጠች። ወርቅማ ነበረው። ያውም ንጹሕ ወርቅ። እሷ ግን የቆፈረችው ሌላ ቦታ ነው።

ሳቁ በአንዴ ጸጥ አለ። ሴቶቹ ወደ በሩ ዞረዋል።

ሃይረም ተትል ቆሟል። እጅጌው ያጠረውን ሰማያዊ ሙሉ ልብሱን ለብሷል፣ ፂሙን ተላጭቶ አገጩ ላይ ምላጭ ቆርጦታል፣ በእንፋሎት የተለበለበ እጁ ባርኔጣውን ይዟል። ቤቷ ሄዶ ሲያጣት ነው ወደዚህ የመጣው። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመ ፊቱ ይናገራል። «ፈሪ» ስትል ነበረ፤ «ስስታም» ስትልም ነበረ።

በአዳራሹ መሐል አልፎ ጠረጴዛው ፊት ቆመ።

«ሚስ ዊንስሎ፣ ወረቀቴን ቢመልሱልኝ።»

«ቢመልሱልኝ» አላት። አንድ ዓመት ሙሉ አንቺ ሲላት የኖረ ሰው! በጥፊ ቢመታት እንዲህ አይሰማትም ነበር። ወረቀቱን ዘረጋችለት።

«ኦገስታ» አሉ ዶክተር ዊንስሎ ከፊት ወንበር ሆነው፣ «ይሄ ሰውዬ ማነው?»

ሃይረም አልሄደም። ወረቀቱን እንደያዘ ዓይኗን አያት። ይጠብቃል። ዓመት ሙሉ የጠበቃት ጥያቄ ይኸው ተጠየቀ። ኦገስታ አባቷን አየች። የቦርዱን ሰዎች አየች። አፏን ከፈተች።

«ተማሪዬ ነው» አለች።

ወይ ጉድ! ከአፏ የወጣውን ስትሰማ ራሷ ክው አለች። ሁለት ቃል። እሱ ሁለት መስመር ቢጽፍላት ስስታም ብላ ሰደበችው፤ አሁን ስስታሟ ማን ነች? ሃይረም ራሱን ነቀነቀ፣ ልክ የሒሳብ መልስ እንደተነገረው ተማሪ። ባርኔጣውን አድርጎ ወጣ። በሩ ሲዘጋ ከነነፍሷ የዘጋባት መሰላት።

ሮጠች። መጽሐፉን፣ አባቷን፣ አዳራሽ ሙሉ ሰውን ትታ ሮጠች። ውጭው የሚያዝያ ጭቃ ነው፤ በረዶው ቀልጦ መንገዱ ሁሉ ላልቷል። የከተማ ጫማዋ በሁለተኛው እርምጃ ሰመጠ። ሃይረም የጭነት መኪናውን በር ከፍቷል።

«ሃይረም! ቁም!»

«ይመለሱ ሚስ ዊንስሎ። ሰው ይጠብቅዎታል።»

«እርስዎ አትበለኝ!»

«ታዲያ ምን ልበልዎት? መምህሬ ነዎት።»

ይሄ ልቧን ወጋት፤ ይገባታልም። «አላወቅኩም ሃይረም። ምን ማለት እንደሆነ ባለሱቁን ጠየቅኩት፣ ተበላሸ ማለት ነው አለኝ።»

«ባለሱቁን!» በሩን ድርግም አደረገው። «ባለሱቁን ከምትጠይቂ እኔን አትጠይቂኝም? ሁለት ማይል ላይ ነው ያለሁት! ማፍያው ጋ ቆሜ፣ ደብዳቤሽን ደረቴ ኪስ ከትቼ፣ ቅዳሜ ምን እላታለሁ እያልኩ!»

አንቺ አላት። በንዴት ነው፤ ቢሆንም አንቺ አላት፤ እንባዋ በመጨረሻ መጣ።

«ፈራሁ» አለች።

«ያመመኝ ፈሪ ማለትሽ መሰለሽ? ስስታምም በይኝ፣ ደግ። ወረቀቴንም በሰው ፊት አንብቢ፣ ይሁን።» ድምጹ ዝቅ አለ። «አንቺ እኔን አይተሽኝ አታውቂም ኦገስታ። እኔ ሁልጊዜ የሌላ ነገር ምሳሌ ነኝ። ስትጽፊልኝ 'ኮረብታዬ' ትይኛለሽ፣ 'የጫካው እርጋታ' ትይኛለሽ። ላባትሽ ደግሞ ተማሪሽ ነኝ። ሃይረም ተትል የሚባል ሰውስ? ጀርባውን የሚያመው፣ ወለላ የሚሸጥ፣ አንቺን የሚወድ? እሱን መቼ ነው የምታነቢው?»

ኦገስታ አሁን ከዚህም የከፋ ነገር መንገር ነበረባት፤ ብትደብቀው ያለ ጥርጥር ታጣዋለች።

«ካሊፎርኒያ ... ዛሬ ጠዋት እሺ ብዬ ቴሌግራም ልኬያለሁ።»

ከሃይረም ፊት ደሙ ሸሸ። «ዛሬ ጠዋት?»

«አዎ።»

«እኔ ስላጭ?»

ይህን ብሎ መኪናው መወጣጫ ላይ ተቀመጠ። አንድ ጊዜ ወደ ወረቀቱ፣ አንድ ጊዜ ወደ እጁ ያያል። ኦገስታ ቢሰድባት በወደደች።

«ኦገስታ!»

ዶክተር ዊንስሎ ደረጃው ላይ ቆመዋል፣ ከኋላቸው የቦርዱ ሰዎች። በየመስኮቱ የኮረብታው ሴቶች ባርኔጣ ተደርድሯል። «ምን ነካሽ? ጭቃ ውስጥ ገብተሽ ከጭነት መኪና ነጂ ጋር ... ሰው እያየሽ እኮ ነው! ግቢ አሁኑኑ!»

ኦገስታ ዞረች። አንዱ ጫማዋ ጭቃው ውስጥ ቀርቷል፤ በካልሲዋ ቆማለች። እድሜዋን ሙሉ የእኚህን ሰውዬ ዓይን ፈርታ ኖራለች። አሁንም ትፈራለች።

«አባባ፣ ቅድም ዋሽቼዎታለሁ» አለች። ድምጿ መንገዱን ተሻግሮ ተሰማ። «ይሄ ሰው ሃይረም ተትል ይባላል። ዓመት ሙሉ እወደዋለሁ። ከእርስዎ የደበቅኩት የሚያሳፍር ሰው ስለሆነ አይደለም፣ እኔ ፈሪ ስለሆንኩ ነው። ካሊፎርኒያ አልሄድም። ሰኞ አልመጣም ብዬ እልካለሁ። ከኮሌጁ ቢያስወጡኝም የቅዳሜውን ትምህርት ማንም አይከለክለኝም። ሊጠይቀኝ ልብሱን ለብሶ መጥቶ ነበር፣ አበላሸሁበት። አሁን እሱ እንዲጠይቀኝ መጠበቅ አይገባኝም። ሃይረም፣ ታገባኛለህ?»

ዶክተር ዊንስሎ አርባ ዓመት ንግግር ያደረጉበት አፋቸው ተከፍቶ ቀረ። የደረጃውን ብረት ያዙ፤ ከዚያም ቀስ ብለው፣ ከነጥቁር ካፖርታቸው፣ እርጥቡ ደረጃ ላይ ተቀመጡ። ከመስኮቱ የሚስስ ኮልበርን ድምጽ መጣ።

«ወይ ጉዴ! ሴት ስትጠይቅ እንዳይ ነው ለካ ያቆየኝ!»

«ዝም በሉ እስቲ፣ ፐርሲስ!» አላቸው ሌላ ድምጽ።

ሃይረም ከተቀመጠበት ተነሳ። አንድ እርምጃ ተራምዶ ቆመ። ስድስት ሳምንት ሙሉ እየፈላ ባለው ውሃ አጠገብ ያጠናው ንግግር ነበረው፤ አንዷም ቃል አብራው እንዳልቆመች ከፊቱ ይታያል።

«ድገሚው» አላት።

«ምኑን?»

«ሁሉንም። ከመጀመሪያው። ደንግጬ ግማሹ አመለጠኝ።»

ደገመችው። ድምጿን ሳትቀንስ፣ አባቷ እየሰሙ፣ ከ«አባባ፣ ዋሽቼዎታለሁ» ጀምራ ደገመችው። «ዓመት ሙሉ እወደዋለሁ» የሚለው ላይ ስትደርስ ቀና ብላ አየችውና አቋረጠች። ሃይረም ተትል ያለቅሳል። አባቱን ሲቀብር ያላለቀሰ ሰው በአገር ምድሩ ፊት ያለቅሳል፣ እንባውንም አይጠርግም።

ኦገስታ ደነገጠች።

«ቀጥይ» አላት። «ጥያቄው ይቀርሻል።»